ብዙ ስክሪን፣ አንድ ምስክር

ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ካለችው መሐል ሜዳ ተቀምጦ ስለ መርከብ መሣሪያ የሚጽፍ የታሪክ መምህር ሲያዩ ፈገግ የሚሉ አይጠፉም። ፈገግ በሉ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የዛሬው ጽሑፍ በአንድ መርከብ ላይ ያሉ ብዙ ስክሪኖች በሽቦ ተያይዘው አንድ ነገር መናገር ስለጀመሩበት ታሪክ ነው። ነገሩ ከባሕር የመጣ ይሁን እንጂ በየኪሳችን ስልክ ለያዝነው ለእኛም ይደርሳል። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በገደል ማሚቶ እንጀምር። የወንጪት ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ የመንዝ እረኛ ነገሩን ያውቀዋል፤ ማዶው ሲርቅ መልሱ ይዘገያል፣ ማዶው ሲቀርብ ቶሎ ይመለሳል። የባሕርን ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ ሥራም ይኸው ነው። ከመርከቡ ሆድ ሥር የተገጠመ ዕቃ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ከወለሉ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ይቆጠራል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛል። መልሱ በ0.02 ሰከንድ ከመጣ ደርሶ መልሱ 30 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ጥልቀቱ 15 ሜትር ይሆናል። የጣና ሐይቅ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። 260 ሜትር ያህል በሚወርደው ሻላ ላይ ቢሆን ግን መልሱ የሰከንድን ሲሶ አለፍ ይል ነበር።

ይህ ከመምጣቱ በፊት መርከበኛ የሚለካው በገመድ ጫፍ እርሳስ አስሮ ነበር። እርሳሱ ሥር ሞራ ይቀባና ይጥለዋል፤ ሞራው አሸዋ ወይም ጭቃ ይዞ ሲወጣ ከጥልቀቱ ሌላ የወለሉን ዓይነት ይነግረዋል። በ1912 ታይታኒክ በበረዶ ተራራ ተመትታ ስትሰምጥ በውኃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የመፈለጉ ጥናት ተፋፋመ። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ቤም በ1913 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሬጂናልድ ፌሰንደን ደግሞ በ1914 በሰሜን አትላንቲክ ከበረዶ ተራራና ከባሕሩ ወለል የተመለሰ ድምፅ መቀበል ቻለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ውስጥ በመርከብ ኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደሩት የፉሩኖ ወንድማማቾች ይህንኑ ጥልቀት መለኪያ ለዓሣ አጥማጆች አመቻቹት። በ1948 ለገበያ አቀረቡት። ዓሣ ፈላጊው፣ በዛሬ አጠራሩ ፊሽፋይንደር፣ እንዲህ ተወለደ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ሲመሠረት ዋና ጣቢያው ምጽዋ ነበር። በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው ባንዲራ ተሸካሚዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። ቀድሞ «ኦርካ» በሚል ስም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለች ናት። በ1964 ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ተቋቋመ። በዚያ ዘመን በመርከብ ላይ ያሉ መሣሪያዎች በአብዛኛው ለየብቻቸው ነበሩ። ራዳሩ የራሱን ያሳያል፣ ጥልቀት መለኪያው የራሱን ይጽፋል። ብዙውን ጊዜ አንዱ የሌላውን አይሰማም። ሁሉን የሚያገናኘው ሰው ነው። መኮንኑ እርሳስና ማስመሪያ ይዞ የወረቀት ካርታው ላይ ያሰምራል፦ «ራዳር እዚህ ነህ አለኝ፤ ጥልቀቱ ግን 40 ሜትር ነው፤ ካርታው በዚህ ቦታ 90 ሜትር ይላል፤ እንግዲያው አንዱ ይዋሻል።» ይህ አድካሚ ሥራ ነው። ግን ሥራው ራሱ ምስክር መመርመር ነበር።

ሽቦው ከዚያ በኋላ መጣ። በ1983 የአሜሪካ ብሔራዊ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር ኤንኤምኢኤ 0183 የተባለ ደንብ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ መሣሪያ ይናገራል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። የሚናገረውም ሰው ሊያነበው በሚችል አጭር መስመር ነው፤ ጥልቀቱ ይህን ያህል ሜትር፣ ኬክሮሱ ይህ፣ ኬንትሮሱ ይህ። ጂፒኤስ ሲመጣ ደግሞ የባሕር ካርታ የሚያሳየው ስክሪን፣ ማለትም ቻርትፕሎተር፣ ጀልባዋን በራሱ ካርታው ላይ ያስቀምጣት ጀመር።

ቀጥሎ ኤንኤምኢኤ 2000 መጣ። ይህ መኪኖች ውስጥ ከሚሠራበት የመስመር ዓይነት የተወሰደ ነው። በጀልባዋ ርዝመት አንድ ግንድ መስመር ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ እንደ ቅርንጫፍ ይሰካበታል፤ በግንዱ ሁለት ጫፍ መልእክቱ ነጥሮ እንዳይረብሽ መዝጊያ ይደረጋል። እዚህ ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ያዳምጣል። እንደ ራዳርና እንደ ዓሣ ፈላጊው ምስል ያለው ከባድ መረጃ ግን በዚህ መስመር ስለማያልፍ በኢተርኔት ገመድ ይሄዳል። ውጤቱ ደስ ይላል። አንዱን ድምፅ ላኪ ከፊትም ከኋላም ያሉ ስክሪኖች ይጋሩታል። ዓሣ የተገኘበትን ቦታ አንዱ ስክሪን ላይ ምልክት ብታደርግ በሌላውም ይወጣል። ለእያንዳንዱ ስክሪን የየራሱን መለኪያና የየራሱን አንቴና መግዛት ቀረ።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? እዚህ ላይ «ሮያል ማጄስቲ» የተባለችውን የመንገደኞች መርከብ ልጥራ። ሰኔ 9 ቀን 1995 1509 ሰው ጭና ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ተነሣች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የጂፒኤሷ አንቴና ገመድ ተላቀቀ። መሣሪያው ግን ዝም አላለም። ከሳተላይት መስማቱን ትቶ በፍጥነትና በአቅጣጫ እየገመተ ቦታዋን መናገሩን ቀጠለ። መገመቱን የሚያሳየው ምልክት ስክሪኑ ጥግ ላይ የነበሩ ጥቃቅን ፊደላት ብቻ ናቸው። መርከቧን የሚነዳው አውቶማቲክ መሪ ግምቱን እንደ እውነት ተቀበለ። ራዳሩ ላይ የሚታየው የጉዞ መስመርም ከዚያው ምንጭ ስለሚቀዳ «ልክ ናችሁ» አለ። መኮንኖቹ ስክሪኖቹን አስተያዩ፣ ሁሉም ተስማማ። ከ34 ሰዓት በኋላ መርከቧ ከመንገዷ 17 ማይል ርቃ ናንታኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ወጣች። ደግነቱ ሰው አልሞተም።

በጣም የሚገርመኝ ሌላው ነው። እውነቱን የሚያውቅ ምስክር እዚያው መርከቧ ላይ ነበር። ሎራን የተባለው፣ ከምድር ጣቢያ የሬዲዮ ምልክት የሚቀበለው መሣሪያ፣ ለብቻው ስለሚሠራ ትክክለኛውን ቦታ ያሳይ ነበር፤ ያመሳከረው ግን አልነበረም። የጥልቀት መለኪያው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ዜሮ ላይ ተደርጎ ስለነበር ወለሉ እስኪነካ አይጮኽም። በአካባቢው የነበሩ ዓሣ አጥማጆችም በሬዲዮ ተጣርተው ነበር፤ መልስ አላገኙም። ስክሪኑ ተስማምቶ ሳለ ዓሣ አጥማጅን ማን ይሰማል?

እንግዲህ የታሪክ መምህርነቴ እዚህ ላይ ይመጣል። እኛ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንላለን፣ እውነት ነው። ግን ሁለቱ ሁለት መሆን አለባቸው። ሦስት መጽሐፍ ስለ አንድ ጦርነት ተመሳሳይ ነገር ቢጽፉ፣ ሦስቱም ከአንድ ዜና መዋዕል ከቀዱት፣ ምስክሩ አንድ ነው። አባቶቻችን ዛፍ ሥር ሸንጎ ተቀምጠው «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? ከማን ሰማህ?» የሚሉት ለዚህ ነው። አሥር ሰው ከአንድ አፍ ከሰማ፣ አሥሩም ተደምሮ አንድ ነው።

ዛሬ ይህን በየቀኑ እናየዋለን። «መንገድ ተዘግቷል» የሚል ወሬ አምስት ስልክ ላይ ይመጣል። አምስቱም «እኔም አየሁት» ይላሉ። ወደ ኋላ ሄደህ ስትፈልገው አምስቱም አንዱን ሰው ሼር ያደረጉ ናቸው። በዚህ መሐል ለሕክምና ደብረ ብርሃን መድረስ የነበረበት በሽተኛ ቤቱ ይቀራል። ወይም በተቃራኒው «ሰላም ነው» የሚለውን አምኖ የወጣ መንገድ ላይ ይጉላላል። ስልኮቻችን እንደዚያች መርከብ ስክሪኖች ናቸው፤ መስማማታቸው እውነት መሆናቸውን አያረጋግጥም። ያረጋገጠ ሰው ከፈለጋችሁ ከዚያ ዛሬ የመጣውን ሹፌር ጠይቁ፤ የእኛ ሎራን እሱ ነው።

ሽቦው ይጥፋ እያልኩ አይደለም። የተያያዘ ስክሪን ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅትም ከ2012 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ትልልቅ መርከቦች የኤሌክትሮኒክ ካርታ እንዲኖራቸው ደረጃ በደረጃ አስገድዷል። መፍትሔው መቁረጥ ሳይሆን ቢያንስ አንዱን ምስክር ለብቻው ማቆየትና በየጊዜው ከእሱ ጋር ማመሳከር ነው።

ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ ሽቦ የሚጠብቀው ሰው ስለፈለገ በ2010 ማኒላ ላይ በተሻሻለው የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር የሚባል ሙያ ራሱን ችሎ ታወቀ፤ ከጥር 2012 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ለዚህ ሙያ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የማሪታይም አካዳሚ የሚሠለጥኑ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ምሩቃን አሉ። ባሕር በር ከሌለው አገር ወጥተው የሰው አገር መርከብ ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እናንተም ፊዚክስ ላይ የድምፅን ፍጥነት ስትማሩ «ይሄ ለምን ይጠቅመኛል?» አትበሉ። ከታሪክም ክፍለ ጊዜ «ከማን ሰማህ?» የሚለውን ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ፤ መርከብ ላይም ገበያም ላይ ይሠራል።

መርከብ ላይ የሠራችሁ ወይም ጣና ላይ ዓሣ የምታጠምዱ ካላችሁ ልምዳችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ግን የእኔንም ጽሑፍ ቢሆን አመሳክሩት።

ሰላም ሁኑ።