«ሰይጣን ቤት» እና የምትሐት ጥበብ

ሰው የማያውቀውን ነገር ይፈራል፤ የፈራውንም ሰይጣን ይለዋል። ለዚህ ከከተማችን ታሪክ መልካም ምስክር እናገኛለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ፣ በ1902 ዓ.ም. ገደማ፣ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» የሚል ነበር። ሥጋና ደም የሌለው ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ፣ ወዲያውም ድራሹ ሲጠፋ ያየ ሁሉ እንዲህ ቢል አያስደንቅም። ነገር ግን ታሪኩን ስንመረምር፣ በዚያ ቤት የነበረው ሰይጣን ሳይሆን የእጅ ሙያ እንደ ነበረ እንረዳለን።

ሲኒማ በፓሪስ ለሕዝብ በክፍያ የታየው በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም.፣ ማለት ከዐድዋ ድል ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ ነው። ከተመልካቾቹ አንዱ ዦርዥ ሜልዬስ የሚባል የመድረክ ምትሐተኛ ነበር። እርሱም በ1889 ዓ.ም. የሌሊት ወፍ ተለውጦ ሰይጣን የሚሆንበትን አጭር ፊልም ሠራ። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ የፊልም ማንሻው ይቆማል፣ ወፉ ይነሣል፣ ተዋናዩ በስፍራው ይተካል፣ ከዚያም መሣሪያው እንደገና ይዞራል።

ከእርሱ በኋላ የተነሡት የአስፈሪ ፊልም ተዋንያንም እንደዚሁ ሠራተኞች ነበሩ። አሜሪካዊው ሎን ቼኒ መስማትና መናገር ከማይችሉ ወላጆች ስለ ተወለደ፣ በፊቱና በእጁ መናገርን ከልጅነቱ ተማረ፤ በ1917 ዓ.ም. በታየው «የኦፔራው መንፈስ» ተመልካችን ያስደነገጠውን ፊት የሠራው በገዛ እጁ ነው። ቦሪስ ካርሎፍም በ1924 ዓ.ም. በ«ፍራንከንስታይን» ፊልም ለመታየት በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ተቀምጦ ይቀባ ነበር።

አለማወቅ ግን ከፍርሃት የባሰ ጉዳት አለው። ሜልዬስ ይጫወትበት የነበረው ቲያትር የተሰየመው በታላቁ ምትሐተኛ በሮቤር ኡዳን ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ ሰዓት ሠሪ ነበር። በ1849 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ወደ አልጄሪያ ላከው፤ ምክንያቱም ሕዝቡ የሚያከብራቸውን የአገሩን መንፈሳውያን ሰዎች በምትሐት በልጦ የፈረንሳይን ኃይል እንዲያሳይ ነው። እርሱም አንድ ጉልበተኛ ጠርቶ ትንሽ ሣጥን እንዲያነሣ አዘዘው። ሰውየው ቢታገል ቢታገል ሣጥኑ አልነቃነቅ አለ። የሣጥኑ ታች ብረት ነበር፤ ከመድረኩም ሥር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ተደብቆ ነበር። ማግኔት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው በዚያ ቢገኝ ኖሮ፣ ያ ኃይል ሁሉ መሣቂያ በሆነ ነበር።

እኛስ? በሽሮ ሜዳ መንገድ ስንሄድ በየሱቁ የተሰቀለውን የአገር ልብስ እናያለን። ከጋሞ ደጋ መጥተው በዚህ የሰፈሩት ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን እየወረወሩ የሚያወጡትን ያሸበረቀ ጥለት ሕዝቡ ራሱ «ጥበብ» ብሎ ይጠራዋል። ሆኖም አባቶቻችን ሸማኔውን፣ አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን ሲንቁ ኖረዋል፤ ብዙዎቹንም «ቡዳ» ብለው ሸሽተዋቸዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። «ሰይጣን ቤት» የሚለው ስም የወጣው ከዚህ አዋጅ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ስለሆነ፣ ልማድ ከአዋጅ ይልቅ ዘግይቶ እንደሚሄድ እናስተውላለን። የባዕዱን ሙያ ሰይጣን ያለው አፍ፣ የወገኑንም ሙያ ቡዳ ይል ነበር። ሁለቱም የአንድ አለማወቅ ልጆች ናቸው። በዚህም የተጎዳው ስም አውጪው ራሱ ነው፤ የሚንቀውን ሙያ ማንም አይማርምና።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች አስገራሚ ነገር ባየን ጊዜ «ማን ሠራው? እንዴትስ ሠራው?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ማንም በሣጥን አያታልለውም፤ የጎረቤቱንም እጅ አይንቅም።