ስለ ማበረታታት ጥቅም፤ የቢሊ ዊሊያምስ ታሪክ

«ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚል ተረት አለን። ነገር ግን አስቀድሞ መከራ የመከረው ሰው ሲገጥመን ምን ማድረግ ይገባናል? ለዚህ ጥያቄ አሜሪካዊው የቤዝቦል ተጫዋች ቢሊ ዊሊያምስ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፈዋለሁ።

ቢሊ በ1938 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት፥ በሞቢል ከተማ አጠገብ በምትገኘው በዊስለር ተወለደ። በ1956 ዓ.ም. ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ቺካጎ ካብስ የተባለው ቡድን ቀጠረው። ቤዝቦል የተወረወረችውን ትንሽ ኳስ በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ ነው፤ ወጣት ተጫዋችም ወደ ዋናው ቡድን ከመግባቱ በፊት በታናናሽ ቡድኖች ይፈተናል። ስለዚህ ቢሊ በ1959 ዓ.ም. በቴክሳስ ለሳን አንቶኒዮ ቡድን ይጫወት ነበር።

ኳሱንስ በሚገባ ይመታ ነበር። ነገር ግን በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ ምግብ ቤት እንዳይበሉ፥ በአንድ ሆቴልም እንዳያድሩ ይከለከሉ ነበር። ውርደቱና የቤተሰቡ ናፍቆት ተባብረው ስለ በረቱበት፥ ቢሊ ቡድኑን ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

የካብስ ሹማምንት እንዲያመጣው የላኩት ሰው ባክ ኦኒል ይባላል። ኦኒል በጥቁሮች ሊግ ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ የተጫወተ፥ በጉብዝናው ዘመን በቀለሙ ምክንያት ከታላቁ ሊግ የተከለከለ ሰው ነበር። ስለዚህ የወጣቱን ሕመም ከራሱ ሕይወት ያውቀው ነበር። ከቤቱ በገባ ጊዜ አልተቆጣውም፤ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ቀርቦ ተጫወተ እንጂ። ኋላም ልጆች ቤዝቦል ወደሚጫወቱበት ሜዳ ይዞት ሄደ። ልጆቹ ቢሊን ባዩት ጊዜ ከበቡት፥ በጥያቄም አጣደፉት። እርሱ ሊተወው ያሰበው ሥራ ለነዚያ ልጆች ታላቅ ተስፋ መሆኑን ባየ ጊዜ፥ ወደ ቡድኑ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ለካብስ ተሰለፈ። በ1961 ዓ.ም. የናሽናል ሊግ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ከ1963 እስከ 1970 ዓ.ም. አንድም ሳይቀር በተከታታይ 1,117 ጨዋታ ተጫወተ፤ ይህም በዚያን ጊዜ የሊጉ ክብረ ወሰን ነበር። በዕድሜው ሙሉ 426 ሆም ራን መትቶ፥ በ1987 ዓ.ም. ስሙ በቤዝቦል የዝና አዳራሽ ተመዘገበ። ትቶ የሄደው ሰው ሳይቀር በመገኘት ታወቀ ማለት ነው። ኦኒልም በ1962 ዓ.ም. በታላቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆነ።

እርግጥ ነው፥ የኦኒል ደግነት የምግብ ቤቶቹን በር አልከፈተም። ያን በር የከፈተው ጥቁሮች ብዙ ከታገሉ በኋላ በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል መብት ሕግ ነው። ማበረታታት በደልን አያስቀርም፤ የተበደለው ሰው ግን ተስፋ ቆርጦ ሥራውን እንዳይጥል ይደግፈዋል።

ከሩቅ አገር መጥቶ፥ ማታ ማታ ቤቱን እያሰበ የሚተክዝ ታናሽ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። «ሰነፍ» ብለን ከመገሠጻችን በፊት አጠገቡ እንቀመጥ፤ ምን እንደ ከበደውም እንጠይቀው።