ከኦፒየም ሻጭ መንግሥት እስከ ስቅላት፦ የሲንጋፖር የ1975 ሕግ



ሕግ አውጪዎች በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ላይ የሞት ቅጣት የሚደነግጉት ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ «ወንጀልን ለመግታት» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም በቂ አይደለም። በዛሬው ንግግሬ የሲንጋፖርን ታሪክ ይዤ ከዚህ መልስ ጀርባ ያለውን ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅኝ ግዛት ዘመን መንግሥት የኦፒየም ተጠቃሚ እንጂ ጠላት አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦፒየም የመሸጥን መብት ለነጋዴዎች ያከራይ ነበር፤ በ1910 ደግሞ ንግዱን በራሱ እጅ አደረገ። ከቻይና የመጣው የጉልበት ሠራተኛ ድካሙን የሚረሳበት ጭስ ለአስተዳደሩ ከዋነኞቹ የገቢ ምንጮች አንዱ ነበር። ማጨስ ፈጽሞ የተከለከለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ፣ ያችው ደሴት አዘዋዋሪን በስቅላት የምትቀጣ ሆነች። የ1973ቱ ሕግ እስራትና ግርፋት ደንግጎ ነበር፤ ሄሮይን ግን በወጣቶች ዘንድ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1975 መጨረሻ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቹዋ ሲያን ቺን ማሻሻያ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ከ15 ግራም በላይ ንጹሕ ሄሮይን ወይም ከ30 ግራም በላይ ሞርፊን ያዘዋወረ ሰው በሞት እንዲቀጣ፣ ዳኛውም ሌላ ምርጫ እንዳይኖረው ተደነገገ።

ለዚህ ውሳኔ ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል። የመጀመሪያው ሥጋት ነው። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ገና አሥር ዓመቷ ነበር። ብሪታንያ አብዛኛውን ጦሯን አስወጥታለች፤ ሳይጎን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወድቃለች፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚጠብቀው ወጣት ነው በሄሮይን የተያዘው። ስለዚህ ጉዳዩ የጤና ሳይሆን የአገር ህልውና ጥያቄ ሆኖ ታየ። ሁለተኛው ስሌት ነው። ሕጉ አዘዋዋሪውን ትርፍና ኪሳራውን የሚመዝን ነጋዴ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እስራት የሚቻል ወጪ ነው፣ ሞት ግን የሚተመን አይደለም። ሦስተኛው የፖለቲካ ሁኔታ ነው፤ በዚያ ምክር ቤት መቀመጫዎቹን ሁሉ የያዘው ገዢው ፓርቲ ነበር።

ሕጉ በፍርድ ቤት ተፈትኗል። በ1980 በለንደን የነበረው የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ፣ ፕሪቪ ካውንስል፣ አስገዳጁ ቅጣት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ወሰነ። በአገሯ ነፍሰ ገዳይን መስቀል የተወችው የብሪታንያ ዳኞች፣ በቀድሞ ግዛቷ 15 ግራም ለስቅላት በቂ መሆኑን ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ራሱ ጉድለት አለው። በ1977 መንግሥት ሱሰኞችን በጅምላ ይዞ ወደ ማገገሚያ ያስገባበትን ዘመቻ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ለታየው ለውጥ ስቅላትን ብቻ ማመስገን አይቻልም። ከዚህም በላይ ዕፁን በሻንጣው ተሸክሞ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ነጋዴው ሳይሆን ተላላኪው ነው። ምክር ቤቱ ይህን በ2012 በከፊል ተቀበለ፤ ማጓጓዝ ብቻ የፈጸመ ሰው፣ ዝውውሩን ለማክሸፍ ተጨባጭ እርዳታ መስጠቱን ዐቃቤ ሕግ ካረጋገጠለት፣ ፍርድ ቤቱ በዕድሜ ልክ እስራት ሊቀጣው ይችላል። ነገር ግን ብዙ የሚያውቀው አለቃው ነው፤ ከሁሉ በታች ያለው ተላላኪ የሚገልጠው ምሥጢር የለውም። ምሕረቱ በጥፋቱ መጠን ሳይሆን በዕውቀቱ መጠን ተለካ።

ስለዚህ የሞት ቅጣትን ሕግ ስናጠና «ይገታልን?» ብለን ብቻ አናብቃ። ሕግ አውጪው ሲያጸድቀው ማንን በዓይነ ኅሊናው አይቶ ነበር? በተግባርስ በችሎቱ ፊት የቆመው ማን ነው? ታሪክ የሚፈርደው በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ነው።