ኮዱ የሁሉም፣ ማኅተሙ የማን?

መርካቶን የረገጠ ሰው «ጅምላ» የሚለውን ቃል አያጣውም። በችርቻሮ ያልሆነ፣ አንድ ላይ፣ ሙሉውን ማለት ነው። ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ከዚያው ወስደው «ጁምላ» ይሉታል። ከሃያ ዓመት በፊት የሠሩትን ቤት ስም ጥለው የወጡ የሶፍትዌር ሰዎች አዲስ ስም ሲፈልጉ ይህንኑ የስዋሂሊ ቃል አነሱ። ድረ ገጽ ሠርታችሁ የምታውቁ ጁምላን ታውቁታላችሁ። የድሮ ስማቸውን ለምን ጥለው እንደወጡ ግን ብዙ ሰው አያወራም። ዛሬ ከዚያ የምጀምረው ያው ጠብ ከ19 ዓመት በኋላ በሌላ ቤት፣ በብዙ እጥፍ ገዝፎ ስለተመለሰ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ማምቦ የሚባል የድረ ገጽ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ነበር። ሚሮ የሚባል የአውስትራሊያ ኩባንያ ጀመረውና በጂፒኤል ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቀው። ጂፒኤል ባጭሩ እንዲህ የሚል ውል ነው፦ ውሰደው፣ ከፍተህ እየው፣ እንደፈለግህ ቀይረው፣ ለሌላም አከፋፍለው፤ ስታከፋፍል ግን አንተም በዚሁ ውል ስጥ። ከዚያ በኋላ ማምቦን ያሳደጉት ከየአገሩ የተሰበሰቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ነሐሴ 2005 ላይ ኩባንያው «የማምቦ ፋውንዴሽን» አቋቋምኩ አለ። ስሙ የሚያምር ነው፤ ችግሩ ኮዱን የሚጽፉት ሰዎች በአወቃቀሩ ላይ ድምፃችን አልተሰማም ማለታቸው ነበር። ዋናዎቹ ፕሮግራመሮች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው አንድ ላይ ለቀቁ። መስከረም ሳያልቅ ያንኑ ኮድ ይዘው፣ ጁምላ ብለው፣ የመጀመሪያውን ዕትም አወጡ።

በሶፍትዌር ሰዎች አነጋገር ይህ «ፎርክ» ይባላል። እኔ ጎጆ መውጣት ብለው ይቀለኛል። ጎጆ የሚወጣ ልጅ ዕቃ ይካፈላል፤ የአባቱን ቤት ግን ይዞ አይሄድም። ጂፒኤል ስለ ኮድ እንጂ ስለ ስም አይናገርም። ኮዱን በአንድ ቀን መገልበጥ ይቻላል፤ «ማምቦ» የሚለውን ስም ግን አይቻልም።

ዕድር ወይም የሰፈር ማኅበር ውስጥ ያለፈ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። አባላት ሲጣሉ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ይካፈላሉ። ማኅተሙ ግን አንድ ነው፤ የሚያድረውም በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው። ባንክ የሚያውቀው ማኅተሙን ነው፣ ወረዳውም እንደዚያው። እነዚያ ሰዎች ማኅተሙን ትተው ወጡና ዕድለኞች ሆኑ። ሰው ተከተላቸው፤ ማምቦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተረሳ። ትምህርቱንም የያዙት ይመስላል፤ የጁምላን ስም ያስቀመጡት ኦፕን ሶርስ ማተርስ በሚባል፣ ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ስም ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ቤት እንሂድ።

ዎርድፕረስ ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላዩን ይሸከማል። አጀማመሩ ግን የተጣለ ልጅ ማሳደግ ነው። ሚሼል ቫልድሪጊ የተባለ ፈረንሳዊ በ2001 የጀመረው ቢ2 የሚባል የብሎግ ሶፍትዌር ነበር። በ2003 መግቢያ ላይ ሰውየው ድምፁ ጠፋ፤ ሥራው ቆመ። የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ማት መለንዌግ ብሎጉ ላይ ጭንቀቱን ጻፈ፦ የምጠቀምበት ሶፍትዌር ባለቤት አጥቷል፣ ፈቃዱ ግን ይፈቅድልኛልና ቀድቼ ልቀጥለው አስቤአለሁ የሚል ነበር መንፈሱ። በማግስቱ እንግሊዝ አገር የሚኖር ማይክ ሊትል የሚባል ፕሮግራመር ከምርህ ከሆነ አለሁ አለው። ግንቦት 27 ቀን 2003 የመጀመሪያው ዎርድፕረስ ወጣ። ቫልድሪጊም ኋላ ብቅ ብሎ መረቀው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም። የቢ2 ባለቤት «አይሆንም» ቢል እንኳ ውሉ ከእነሱ ጋር ነበር። መለንዌግ ዛሬ ያለበት ወንበር ላይ የተቀመጠው ያ የመውጣት መብት ስለነበረ ነው።

በዓመቱ ደግሞ ተወዳዳሪው ሙቨብል ታይፕ አዲሱን ዕትም በአዲስ የክፍያ ውል ሲያወጣ ተጠቃሚው ተቆጥቶ ወደ ዎርድፕረስ ጎረፈ። ለመንደር ሱቅ ጎረቤቱ ዋጋ ሲጨምር እንደማለት ነው። በ2005 መለንዌግ ኦቶማቲክ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመ።

ከዚያ በ2010 የዎርድፕረስ ፋውንዴሽን ተመሠረተ፤ ኦቶማቲክ የንግድ ምልክቱን ለፋውንዴሽኑ አስረከበ ተባለ። በጊዜው ሁሉም አጨበጨበ። ብዙ ሰው ያላነበበው ግን ስሙን ለንግድ የመጠቀሙ ብቸኛ ፈቃድ ተመልሶ ለኦቶማቲክ መሰጠቱን ነው። ማኅተሙ ከመሳቢያው ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ አይቶት፣ ወደዚያው መሳቢያ ገባ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛው ከስሙም ይብሳል ባይ ነኝ። ዎርድፕረስ የጫናችሁበት ድረ ገጽ ራሱን ለማደስ፣ ፕለጊን ለማውረድ፣ የደኅንነት ማስተካከያ ለማግኘት በየቀኑ ወደ አንድ አድራሻ ይደውላል፦ ዎርድፕረስ ዶት ኦርግ። ዶት ኮም የሚለው የኩባንያው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዶት ኦርግ ግን የፋውንዴሽኑ፣ ማለትም የሁላችንም ይመስለን ነበር። የመለንዌግ የግል ንብረት ነው። አብዛኛው ሰው ይህን የሰማው በ2024 ጠቡ ሲፈነዳ ነው።

ጠቡ ደብሊውፒ ኤንጂን ከሚባል የዎርድፕረስ ሆስቲንግ ኩባንያ ጋር ነው። ከበስተጀርባው ሲልቨር ሌክ የሚባል ግዙፍ የኢንቨስትመንት ድርጅት አለ። መስከረም 2024 ፖርትላንድ ከተማ በተካሄደው የዎርድፕረስ ጉባኤ ላይ መለንዌግ መድረክ ላይ ወጥቶ ኩባንያውን ወቀሰ፤ በማግስቱ «ለዎርድፕረስ ካንሰር ነው» ብሎ ጻፈ። ክሱ እንዲህ ነው፦ የእኔ ኩባንያ ለጋራው ሶፍትዌር በሳምንት ከ3 ሺህ 7 መቶ ሰዓት በላይ ሥራ ያዋጣል፣ እነሱ ግን በስሙ እየነገዱ 40 ሰዓት ገደማ ብቻ። ስለዚህ ከገቢያቸው 8 በመቶ ይክፈሉ፣ ወይም በዚያው ልክ ሰው ይመድቡ።

ይህን ክርክር ባዶ ነው ብዬ አላልፈውም። ድግስ ላይ እየበላ መዋጮ ሲደርስ ስልክ የሚያወራ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። የጋራ ሶፍትዌር ትልቁ ቁስል ይሄ ነው፤ ጂፒኤልም መድኃኒት የለውም፤ ማንም እንዲያዋጣ አያስገድድም። መለንዌግ እስከዚህ ድረስ እውነት አለው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው ነገሩን የቀየረው። መስከረም 25 ላይ የደብሊውፒ ኤንጂን ሰርቨሮች ዶት ኦርግን እንዳይደርሱ ዘጋ። የተጎዳው ሲልቨር ሌክ አይደለም፤ ድረ ገጹን እዚያ ያስቀመጠው ዳቦ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣ ነው። ስለ ጠቡ ምንም የማያውቅ ሰው በአንድ ጠዋት ማደስ አቃተው። ለጥቂት ቀናት እፎይታ ሰጥቶ መልሶ ዘጋው፤ ኩባንያውም ጥቅምት 2 ቀን ፍርድ ቤት ሄደ። ጥቅምት 12 ላይ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበትን የዚያን ኩባንያ ፕለጊን የዶት ኦርግ ገጽ ወስዶ ስሙን ቀየረው። ኮዱ ጂፒኤል ስለሆነ መቅዳቱ መብቱ ነው። ሱቁን ከነደንበኛው መውሰዱ ግን ጎጆ መውጣት አይባልም፤ ባለቤቱን አስወጥቶ በርኖሱን መልበስ ነው።

በዚያው ሰሞን በአካሄዱ የማይስማማ ሠራተኛ ካሣ ወስዶ እንዲለቅ ዕድል ሰጠ፤ 159 ሰዎች ወጡ።

እኛን የሚነካው አንድ ትንሽ ሣጥን ነው። ዶት ኦርግ መግቢያው ላይ «ከደብሊውፒ ኤንጂን ጋር በምንም መልኩ ግንኙነት የለኝም» የሚል መስመር ተጨመረ፤ ምልክት ካላደረጋችሁ አትገቡም። ዎርድፕረስን ወደ አማርኛ የሚመልሰው በጎ ፈቃደኛ ሥራውን የሚሠራው በዚያው አካውንት ገብቶ ነው። «ረቂቅ» ወይስ «ጅምር ጽሑፍ» ይሻላል ብሎ ሌሊቱን የሚያሰላስል፣ ሳንቲም የማይከፈለው ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ ባለ የኩባንያዎች ጠብ ላይ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠየቀ። በኪራይ ሆስቲንጉ እዚያ ቢሆንስ? ግንኙነት ነው? ማንም መልስ አልነበረውም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2024 የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ አራሴሊ ማርቲኔዝ ኦልጊን ጊዜያዊ እግድ ሰጡ፦ መዳረሻው ይከፈት፣ ፕለጊኑ ይመለስ፣ ሣጥኑ ይነሣ። ተነሣ። በምትኩ ምን ተተካ መሰላችሁ? «አናናስ ፒዛ ላይ ይጣፍጣል» የሚል ሣጥን። ዋናው ክርክር በዚህ አላበቃም።

ጥር 2025 ላይ ኦቶማቲክ መዋጮውን በሳምንት ወደ 45 ሰዓት አወረደ፤ እነሱ ያህል እሠራለሁ ማለቱ ነው። ሚያዝያ ላይ 6.8 ወጣ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ኩባንያው ወደ ሥራው መለስ አለ፤ ታኅሣሥ ላይ 6.9 ተከተለ። ቤቱ አልፈረሰም።

ታዲያ ሰዎች ለምን እንደ ጁምላዎቹ ጎጆ አልወጡም? ሞክረዋል። በ2018 ዎርድፕረስ አዲሱን ጉተንበርግ የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲያስገባ ያልወደዱት ክላሲክፕረስ ብለው ወጡ፤ ዛሬም አለ፣ ትንሽ ነው። ቤቱ ዛሬ ኮድ ብቻ አይደለም፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ፕለጊኖች፣ የማደሻው መስመር፣ የየቋንቋው ትርጉም ሁሉ በዚያ አንድ በር ነው የሚያልፈው። ይህን የተረዱት በሰኔ 2025 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ፌር የሚባል ፕሮጀክት ይዘው የወጡት ናቸው። አዲስ ዎርድፕረስ አልሠሩም። ሌላ በር ነው ለመክፈት የሞከሩት፤ ፕለጊንና ማደሻ ከአንድ ሰው መሳቢያ ሳይሆን ከብዙ ቦታ እንዲመጣ። የጁምላ ሰዎች በ2005 የሸሹት ስሙን ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ሰርቨሩን።

ይህን ስጽፍ ራሴንም መረመርኩ። ከጋዜጠኝነቱ ጎን ለሰው ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ሁሉም ዎርድፕረስ ናቸው። የሦስቱ ዶሜን በእኔ ኢሜይል፣ በእኔ ስም ተመዝግቦ አገኘሁት። ክፋት አልነበረበትም፤ የዚያን ቀን ካርድ የነበረኝ እኔ ስለሆንኩ ነው። አንዱ መጽሔት ነው፤ ከአዘጋጁ ጋር ከተኮራረፍን ዓመት አልፎናል፤ እሱ ግን ስሙ በእኔ እጅ እንዳለ አያውቅም። ሁለቱን ባለፈው ሳምንት ለባለቤቶቹ አዛወርኩ። ለመጽሔቱ ደውዬ አላነሣም፤ በቴክስት ጽፌለታለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።