ሳይገድሉ ማጥቃት፦ የባክቴሪያ መርዞችና የአየር ቧንቧ ህዋሳት የአዮን ዝውውር

ስለ ባክቴሪያ መርዝ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው የህዋስ ሞት ነው። የአየር ቧንቧን ለማጥቃት ግን ህዋሱን መግደል የግድ አይደለም። ህዋሱ በሕይወት እያለ ጨው የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት ሥርዓት ከተዛባ፣ ሳንባ ራሱን የማጽዳት አቅሙን ያጣል። በእኔ እይታ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ኢንፌክሽንን ለመረዳት ይህ ስውር ጥቃት ከግልጹ ግድያ ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል።

የአየር ቧንቧን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍነው ስስ ፈሳሽ ጥልቀቱ ሰባት ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ሲሊያ የሚባሉት ረቂቅ ጸጉሮች በዚህ ፈሳሽ ውስጥ እየተወዛወዙ ንፍጡን፣ በንፍጡም የተያዘውን ባክቴሪያና አቧራ፣ ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። የፈሳሹን መጠን በዋናነት የሚወስኑት ሁለት የአዮን መተላለፊያዎች ናቸው። ኢናክ ሶዲየምን ወደ ህዋሱ ያስገባል፤ ውሃም ሶዲየሙን ተከትሎ ይገባል። ሲኤፍቲአር በበኩሉ ክሎራይድና ባይካርቦኔትን ወደ ውጭ ያሳልፋል። ጉዳዩ የውሃ መጠን ብቻ አይደለም፤ ባይካርቦኔት ሲጎድል ፈሳሹ ወደ አሲድነት ያዘነብላል፣ በውስጡ ያሉት ተፈጥሯዊ ፀረ ባክቴሪያ ፕሮቲኖችም ይደክማሉ። ይህም እ.ኤ.አ. በ2012፣ በሲኤፍቲአር የዘር ጉድለት የሚመጣው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ባለባቸው አሳማዎች ላይ ታይቷል።

መርዝና ሲኤፍቲአር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በይበልጥ የታወቀው ከሳንባ ሳይሆን ከአንጀት ነው። ተመራማሪው ሳምቡ ናት ደ እ.ኤ.አ. በ1959 ካልካታ ውስጥ መኖሩን ያሳየው የኮሌራ መርዝ ጂኤስ የተባለውን ፕሮቲን ለውጦ ከሥራ እንዳያርፍ ያደርገዋል። በዚህ ሳቢያ በህዋሱ ውስጥ መልእክት አስተላላፊ የሆነው የሳይክሊክ ኤኤምፒ መጠን ያሻቅባል፣ ሲኤፍቲአር ይከፈታል፣ ጨውና ውሃም ወደ አንጀት ይጎርፋል። የትክትክ ባክቴሪያም ሳይክሊክ ኤኤምፒን የሚጨምሩ ሁለት መርዞች አሉት፤ የታማሚው አየር ቧንቧ ግን በፈሳሽ አይጥለቀለቅም፣ ይልቁንም በወፍራም ንፍጥ ይታፈናል። ያው ባክቴሪያ የሚለቀው ሌላ መርዝ፣ የትራኪያ ሳይቶቶክሲን፣ ሲሊያ ያላቸውን ህዋሳት ያጠፋልና። ስለዚህ የአንጀቱን ታሪክ እንዳለ ወደ ሳንባ ማሻገር ያሳስታል።

በሳንባ በኩል ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው ሲፍ የተባለ ፕሮቲን ነው። በአሜሪካው ዳርትመዝ የብሩስ ስታንተን የምርምር ቡድንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ማንነቱን የለዩት ይህ መርዝ ሲኤፍቲአርን በቀጥታ አይደፍንም። ሲኤፍቲአር በተፈጥሮው ከህዋሱ ገጽ ወደ ውስጥ እየተሳበ ተመልሶ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ የሚወገዱ ፕሮቲኖች ምልክት የሆነው ዩቢኩቲን ይለጠፍበታል፤ ዩኤስፒ10 የተባለው ኤንዛይም ምልክቱን ሲያነሳለት ወደ ገጹ ይመለሳል። ሲፍ ሲገባ ግን ዩኤስፒ10 ጂ3ቢፒ1 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ሥራውን ያቆማል። ምልክቱ ያልተነሳለት ሲኤፍቲአርም ላይሶዞም ወደተባለው የህዋሱ መፍጫ ክፍል ተወስዶ ይፈርሳል። በዘር የወረሰው ጉድለት የሌለበት ህዋስ በዚህ መንገድ የሲስቲክ ፋይብሮሲስን ህዋስ ወደ መምሰል ይጠጋል።

ሲፍ ወደ ህዋሱ የሚደርስበት መንገድም የተለየ ነው። ባክቴሪያው ከውጫዊ ሽፋኑ ቆርጦ በሚለቃቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ተጭኖ ስለሚመጣ፣ ባክቴሪያው ራሱ ህዋሱን መንካት አያሻውም። መርዙ በተፈጥሮው ኢፖክሳይድ የተባሉ ውህዶችን የሚሰብር ኤንዛይም ሲሆን፣ ይህን ሥራውን የሚገታ ውህድ ሲጨመር ሲኤፍቲአር ከመፍረስ መትረፉ እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘግቧል። መርዙን ለመድኃኒት ምርምር ጥሩ ዒላማ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ የሚለቀው አልፋ መርዝ ከሲፍ ጋር በአንድ ረድፍ መቀመጥ ያለበት አይመስለኝም። ሰባት አሃዶቹ ተገጣጥመው በህዋሱ ሽፋን ላይ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ ፖታሲየም ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል። መርዙ የሚያነቃው አዳም10 የተባለው ኤንዛይም ደግሞ ህዋሳቱን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ኢ-ካድሄሪን ይቆርጣል። ተመራማሪው ሃንስ ኡሲንግ እ.ኤ.አ. በ1951 በእንቁራሪት ቆዳ ላይ ባስተዋወቀው የኤሌክትሪክ ልኬት ዘዴ ሲታይ፣ እንዲህ ያለው ጉዳት የህዋሳቱን ንጣፍ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይቀንሳል። አዮኖች በየክፍተቱ ሲያፈተልኩ የተለካው ጅረት የመተላለፊያዎቹን ሥራ በትክክል አያሳይም። ይህን መፍሰስ እንጂ የዝውውር ለውጥ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

የፕሱዶሞናስ ምርቶችም ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይጎትቱም። ራምኖሊፒድ የተባሉት ቅባት መሰል ውህዶቹ የሶዲየምን ወደ ውስጥ መግባት ይቀንሳሉ፤ ይህ ለብቻው ቢሆን ፈሳሹን ያበዛ ነበር። ስለዚህ «ባክቴሪያው ሳንባን ያደርቃል» የሚለው አጭር አባባል ከማስረጃው ይቀድማል።

በተግባር የሚያሳስበው ግን ግልጽ ነው። የስታንተን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳየው፣ የተጓደለውን ሲኤፍቲአር ወደ ህዋሱ ገጽ ለማውጣት የተሠራው መድኃኒት ሉማካፍቶር የሚያስገኘው የክሎራይድ ፍሰት ፕሱዶሞናስ ባለበት ይቀንሳል። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው በሰፈረበት ሳንባ ነው። ንጹሕ በሆኑ የቤተ ሙከራ ህዋሳት ላይ ብቻ የተለካ ውጤት ከመድኃኒቱ እውነተኛ አቅም ሊልቅ ይችላል፤ አዳዲስ ውህዶችም ከመጀመሪያው የባክቴሪያው ምርቶች ባሉበት ሊፈተኑ ይገባል።