ከአንድ ክንፍ የተነሣ ስም



እ.ኤ.አ. በ1990 ከኬምብሪጅ የመጣ የተመራማሪዎች ቡድን በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ፣ በመኪና መንገድ ላይ ሞቶ መበስበስ የጀመረ ወፍ አገኘ። ከወፉ ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉ ወደ ብሪታንያ ሄዶ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከታወቁት ዘመዶቹ ጋር ተነጻጸረ፤ ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመምና በ1995 ካፕሪሙልገስ ሶላላ ተብሎ ተሰየመ። ሶላላ «ብቸኛ ክንፍ» እንደ ማለት ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው? «የሌሊት ወፍ» እንዳንል፣ ይህን ስም ወፍ ያልሆነች እንስሳ ቀድማ ወስዳዋለች። ስለዚህ ናይትጃር እለዋለሁ። ናይትጃሮች ቀን መሬት ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ተመሳስለው ያርፋሉ፤ ሌሊት እየበረሩ ነፍሳትን ያድናሉ። በጨለማ አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው በዋናነት ድምፁ ነው። ክንፍ ደግሞ ድምፅ የለውም። በ2009 አራት ተመልካቾች በዚያው ፓርክ ወፉን እንዳዩ ተናግረዋል፤ ናሙና ግን አልያዙም።

ለታሪክ ተማሪ ነገሩ እንግዳ አይደለም። መጀመሪያውም መጨረሻውም የጠፋ አንድ የብራና ቅጠል ይዘን ስለ ሙሉው መጽሐፍ የምንከራከር እኛው ነን። እኔ በበኩሌ ሰያሚዎቹን ቸኩለዋል ብዬ አልወቅስም፤ ክንፉ መሳቢያ ውስጥ ያለ ስም ቢቀር ኖሮ ማንም ወፉን ፍለጋ ባልተመለሰ ነበር።

ስም ግን ሊያሳስትም ይችላል። ማስረጃው እዚሁ ደጃችን ነው። የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ባለሥልጣን የነበሩት ጄፍሪ አርቸር ያገኙት፣ ሣር ውስጥ የሚኖር ትንሽ ወፍ በ1920 በስማቸው ተጠራ፤ ከ1922 በኋላ ግን ለረጅም ዘመን ደብዛው ጠፋ። በ1975 ደግሞ ከነጌሌ ቦረና አጠገብ፣ ከሊበን ሜዳ የተገኘ ወፍ ሌላ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። ቆይቶ በጅግጅጋ አካባቢ ተመሳሳይ ወፍ ታየ። በ2013 የታተመው ጥናት ከአሮጌዎቹ የሙዚየም ናሙናዎች የዘር ቅንጣት አውጥቶ ሲያነጻጽር፣ የአርቸር፣ የሊበንና የጅግጅጋው ወፍ አንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ።

ይህን ፍርድ ያስቻለው ሙዚየሙ ያቆየው ቆዳና በሜዳው ላይ ገና የሚዘምረው ወፍ በአንድነት መገኘታቸው ነው። ቆዳው በአውሮፓ መሳቢያ ውስጥ በደኅና ተቀምጧል። ከጅግጅጋ ወደ ቶግ ውጫሌ የሚዘረጋው ሣር ግን ዓመት በዓመት እየታረሰ ነው።