ከምኒልክ አውቶሞቢል እስከ ዌስተን ጋራዥ

ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዌስተን ሮድ ላይ ቡና ጠጥተን ስንወጣ አንድ ወዳጄ «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ ቤቱ ጓሮ ወሰደኝ። የጋራዡን በር ሲያነሳው የ1966 ቮልስ ዋገን በድንጋይ ላይ ቆማለች። ጎማ የላትም፣ ኮፈኗ ወርዷል፣ በሮቿ ተፈትተው ግድግዳ ተደግፈዋል። «አባቴ የነበረችው ይህችው ናት። ማለቴ፣ የእሷ እኅት ናት» አለኝ። የአባቱ ቮልስ እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ወንድሙ ልትሸጥ ይገባል ይላል፤ እሱ ደግሞ አይሆንም ይላል። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ከተኳረፉ ከርመዋል።

ስለ አሮጌ መኪና ይህን ያህል መኳረፍ ምንድን ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን የእኛና የመኪና ታሪክ ቀላል ታሪክ አይደለም።

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ዎልስሌ የተባለችውን መኪና በረሃውንና ገደሉን አሻግሮ ለዳግማዊ ምኒልክ አመጣ። ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም፣ የመኪና መንገድም አልነበረም። ሃሌ የተባለ ሰው ጉዞውን በመጽሐፍ ጽፎ በ1913 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በዚያው ዓመት ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ። እንግዲህ መኪና ወደ አገራችን የገባው መንገድ ሳይቀድመው ነው። ሾፌሮቻችንና መካኒኮቻችን ለምን እንደዚያ ብልኃተኞች ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ከዚህ ይጀምር።

የጋራዥ ቋንቋችን ግን የመጣው ከጣልያን ነው። በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ጦር ከነካሚዮኑ ገባ፣ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ። መንገዱና ካሚዮኑ ቀረ፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። በእነሱ ሥር ቁልፍ እያቀበለ ያደገው ልጅ ዛሬም የምንጠቀምባቸውን ቃላት ወረሰ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔት፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ እንላለን። ወዳጄ እዚህ ቶሮንቶ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ሄዶ «ካንዴላ» ሲል ሻጩ ሻማ የሚፈልግ መስሎት ነበር። በጣልያንኛ በእርግጥ ሻማ ማለት ነው፤ ሻጩ ጣልያን ስለነበር ሁለቱም ሲስቁ ዋጋው ትንሽ ቀነሰለት።

ከዚያ በኋላ የመጡትን መኪናዎች በዕድሜ የገፋን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ፊያት 600 በሰማያዊና በነጭ ተቀብታ «ሰይቼንቶ» ተብላ ታክሲ ሆነች። ጭነቱን ኤንትሬ ተሸከመው። ሐረር ፔጆ 404ን የከተማዋ መታወቂያ አደረገቻት፤ ፋብሪካው በፈረንሳይ በ1975 እ.ኤ.አ. መሥራቱን ካቆመ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም በጀጎል በሮች ስትወጣና ስትገባ ትታይ ነበር። በደርግ ዘመን ላዳ መጣች፤ እሷም ብትሆን የሶቪየት ልብስ የለበሰች ፊያት ናት።

ቮልስ ግን የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ነበረች። አንድ ቀንም ከመጠኗ በላይ የሆነ ታሪክ ወደቀባት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ዋገን ነው። ሮልስ ሮይስ የለመዱ ንጉሠ ነገሥት የፊቱ ወንበር ታጥፎላቸው ከኋላ ገቡ። የንጉሡ ወዳጅም ጠላትም ያንን ሥዕል አይረሳውም። ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብዙዎቻችን እዚህ የተገኘነውም ከእሱ የተነሣ ነው። በ2017 ዓ.ም. ያ ቤተ መንግሥት ታድሶ ለጎብኚ ሲከፈት የንጉሡ መኪናዎች ተወልውለው ታይተዋል። እኔን የሚገርመኝ የታላላቆቹ መኪና ሙዚየም ሲገባ የመምህሩ ቮልስ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ መሆኗ ነው።

እንዴት እስከ ዛሬ ቆየች? አንደኛው ምክንያት አየሩ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ተቀምጦ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ራዲያተር የለውም፣ ውኃ አይጠማውም። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፣ ስለዚህ ላሜራው አይበላም። በሌላ በኩል ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሩቡን ያህል እዚያ ያጣዋል። ብልኅ መካኒክ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ይለውጠዋል፤ አለዚያ ጥቁር ጭስ ታወጣለች። ሁለተኛው ምክንያት ችግር ነው። የደርግን የቤንዚን ኩፖን አንረሳውም። ከዚያም በኋላ የመኪና ቀረጥ የመኪናውን ዋጋ ሲያጥፍ ኖሯል፤ በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ተጨመረ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት ከለከለ። እንግዲህ ያለችውን መጠገን ነው። ጀርመን ቮልስን መሥራት ያቆመችው በ1978፣ ሜክሲኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ግን አሁንም ዕቃዋን ፈልጎ ያወጣል፤ ካጣም ከሌላ መኪና ያስማማል።

እዚህ ዌስተን ጠላቱ ጨው ነው። የወዳጄ መኪና ከላይ ደህና ትመስላለች፤ ከበሩ ሥር ሙቀት ከሞተር ወደ ፊት የሚያመጣው ቦይ ግን እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ያንን ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ሁለት ክረምት ፈጅቶበታል። በዚህ ላይ ሌላ ክርክር ተነሣ። መኪናዋ ባለ 6 ቮልት ናት፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ቶሎ አትነሣም። ወደ 12 ቮልት ልለውጣት ወይስ እንዳለች ልተዋት ይላል። ኦንታሪዮ ለታሪካዊ መኪና ልዩ ታርጋ የምትሰጠው ቢያንስ 30 ዓመት ለሞላትና ከፋብሪካ እንደወጣች ብዙ ላልተለወጠች ነው። የዚህ አገር አፍቃሪዎች በአንዲት ቡሎን ሳይቀር ይከራከራሉ።

ለዚህ መንደር መኪና እንግዳ አይደለም። ከሎውረንስ ጎዳና አጠገብ የሲሲኤም ፋብሪካ ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ብስክሌትና የበረዶ ጫማ ይሠራ ነበር። ያው ኩባንያ ዌስተን ከመምጣቱ በፊት በጎረቤት ጀንክሽን ሰፈር ረስል የተባለች የካናዳ መኪና ይሠራ ነበር። ዛሬ ረስል አግኝቶ የሚያድስ ካናዳዊ ካለ የጎደላትን ዕቃ የሚሸጥለት ሱቅ የለም፤ በእጁ ይሠራዋል። ወገን፣ ይህ የሶማሌ ተራ ሙያ አይደለምን? እኔ የአዲስ አበባዋን ልዩ ልዩ ዕቃ የለበሰች ቮልስ «ተበላሽታለች» ለሚል ሰው አልስማማም። ባለቤቷ ምን ጊዜ ምን እንዳጣ እያንዳንዱ ዕቃ ይናገራል።

ወዳጄ የአባቱን ቮልስ ወደዚህ ስለማምጣትም አስቦ ነበር። ካናዳ 15 ዓመት ያለፋትን መኪና በአዲሱ የደኅንነት ደንብ አትጠይቅም፤ ሕጉ ይፈቅዳል። የመርከቡን ዋጋ ሲሰማ ዝም አለ። ቀጥሎም «እዚህ መጥታ በጨው ከምትበላ እዚያው ትቁም» አለ። ይህን ለወንድሙ በስልክ ሲነግረው ነበርኩ። ወንድሙ «እሺ፣ ታዲያ የሚያሞቃት ሰው ክፈል» አለው። በወር ሁለት ጊዜ እያስነሳ የሚያሞቃት አባታቸውን ያገለግሉ የነበሩ አሮጌ መካኒክ ሆኑ።

ባለፈው እሑድ የዌስተኗ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ አለው። ወዳጄ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ «ጋሼ፣ ይሰማዎታል?» አለ። ከአዲስ አበባ ጥቂት ዝምታ ሆነና የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «ቫልቮላ ነው ልጄ። አሁን ሞቃለች፣ አትንካት። አጥፋና ትደር፤ ጠዋት በርዳ ሳለች አስተካክላት።» ወዳጄ ሞተሩን አጠፋው።